«ና» ከተባለ

ጭልፊት ክንዱን ወደ ፀሐይዋ ዘረጋና ከተራራው ጫፍ ምን ያህል ከፍ እንዳለች በጣቶቹ ለካ። ከጠዋት ጀምሮ ይህን ሲያደርግ ስንተኛው እንደሆነ እሱ ልብ አላለውም። ጓደኛው ፊሽካ ግን ልብ ብሎታል።

«ምንድነው እንዲህ ሰማዩን የምትለካው? ቦታ ልትመራ ነው?»

«እንመለስ። ይመሻል።»

«ይመሻል ይለኛል! የበላነው ዳቦ እኮ ገና ጉሮሯችን ላይ ነው።» ፊሽካ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጋደም ብሎ፣ የሱሪውን አንድ እግር እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቅባት ያሻል። «ሐይቁን ሳላይማ ንቅንቅ አልልም። ይህን ሁሉ አቀበት በዚህ ጉልበት የወጣሁት አንተን ለማየት መሰለህ? አንተን ሁልጊዜ በነፃ አይሃለሁ።»

ድንኳናቸውን የተከሉት ከታች፣ የጥዱ ደን የሚያልቅበት ሜዳ ላይ ነው። ከዚህ እዚያ ለመድረስ አንድ ነፋሻ የተራራ ጀርባ፣ ከዚያ ገደል ታክኮ የሚሄድ ቀጭን መንገድ፣ ከዚያ ደግሞ ጠዋት በእጅ በእግራቸው የቧጠጡት አንድ ትልቅ ልሙጥ ድንጋይ አለ። ጭልፊት መንገዱን በሐሳቡ ወርዶ ወርዶ ጨርሶታል፤ ስሌቱ ግን አልገጥም ብሎታል። ሐይቁ ሲጨመርበት ጭራሽ አይገጥምም።

ነገሩን ደብቆ ማቆየት ምን ይረባል? መደበቅ የጭልፊት ሥራ ነው እንጂ የተራኪው አይደለም። ጭልፊት ዳፍንት ይዞታል። ቀን በጠራራው የሩቅ ታርጋ ያነባል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ዓለም ከዳር ከዳር እየጠቆረች ትመጣና፣ ሌላው ሰው ገና «አመሻሸ» በሚልበት ሰዓት ለሱ ድፍን ትላለች። የዓይን ሐኪሟ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እያሳየች ከመረመረችው በኋላ፣ ከዓይኑ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን እየደከመ እንደሆነ፣ መነጽርም ጠብታም እንደማይመልሰው ነገረችው። ከዚያ ሥራውን ጠየቀችው።

«ነጋዴ ነኝ» አላት። የአውቶቡስ ሾፌር ነበር።

ጭልፊት የሚለውን ስም ያወጣለት ፊሽካ ነው። ድሮ በአንድ አውቶቡስ ላይ፣ አንዱ መሪ ጨብጦ ሌላው በር ላይ ቆሞ አብረው ሲሠሩ፣ ሩቅ ፌርማታ ላይ የሚጠብቃቸውን ተቆጣጣሪ ገና በኮፍያው አቀማመጥ ይለየው ነበርና። ፊሽካም ስሙን ያገኘው ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲያፏጭ የአውቶቡሱን ጥሩምባ ስለሚያስንቅ ነው። ዴፖው ጠባብ ነው፤ ማታ ማታ አውቶቡሶቹ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ወደ ኋላ ሲገቡ በግራም በቀኝም የሚተርፈው የመዳፍ ስፋት ነው። ፊሽካ ከኋላ ይቆምና ይመራል፦ «ና! ና! ና! ቁረጥ! መልስ! ና! በቃ!» ጭልፊት ከመስታወቱ ይልቅ የፊሽካን አፍ ያምናል። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» ይላል ፊሽካ፤ «ኋላህን ለኔ ተውና አንተ ዝም ብለህ ና።» በዴፖው ያልተጻፈ ሕግ አለ። ረዳት «ና» ካለ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሚያይ ሾፌር ረዳቱን ሰድቦታል ማለት ነው። ና ከተባለ ና ነው።

በኋላ የፊሽካ ጉልበት በር ላይ መቆም አልችል አለና ወደ ስምሪት ክፍል ተዛወረ። ክፍሏ ከአንድ አልጋ ብዙም አትሰፋም። ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ ወንበር፣ በምስማር ላይ የተንጠለጠሉ ቁልፎች፣ ናፍጣ የጠጣ ወለል፣ ከታች በኩል ለእጅ ማስገቢያ የተቆረጠ መስታወት፤ በቃ ይህ ነው። ማን ጠዋት፣ ማን ማታ እንደሚነዳ የሚደለድለው ከዚያች መስታወት ኋላ ነው። ጭልፊት ሁለት ዓመት ሙሉ እጁን በዚያች ቀዳዳ እያስገባ «የጠዋቱን ስጠኝ» ሲል ኖሯል። አንዴ የሚስቱ እናት ታመዋል፤ አንዴ የሩቅ ዘመድ ሞቷል፤ አንዴ የራሱ ሆድ አልተመቸውም። ፊሽካ አንድም ቀን «ለምን?» ብሎት አያውቅም። ቁልፉን ይወረውርለትና «እግዜር ይማራቸው» ይለዋል።

እውነቱን የምታውቀው ባለቤቱ ብቻ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሲመሽበት ሱቋን ዘግታ ፌርማታው ድረስ ትመጣና፣ ክንዷን በክንዱ ቆልፋ፣ ጉድጓዱን እያሳለፈች ቤት ታስገባዋለች። ጎረቤቱ ይህን እያየ «ፍቅራቸው እንዳዲስ» ይላል። ለዚህ ለተራራው ጉዞ ቦርሳውን የሸከፈችለትም እሷ ናት። ዚፑን ዘግታ ስታበቃ በሩ ላይ ቆመችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለሱ ካልነገርክ ለማን ልትነግር ነው? ሳትነግረው እንዳትመለስ።»

«እነግረዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

«በልጅህ?»

«በልጄ።»

አንድያ ልጁ ነርስነት ትማራለች። በሷ ምሎ ቀርቶ አያውቅም።

ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ድንኳኑን ተክለው ሻይ በጣዱበት፣ ጭልፊት ጉሮሮውን ጠረገ። «ስማ፣ አንድ ነገር አለኝ» አለ። ፊሽካ ደግሞ ያን ሰዓት አፉ ሊፈነዳ ደርሶ ኖሮ «እኔም አለኝ፤ የኔ ይቅደም!» ብሎ ጮኸ። የአገር አቋራጩ የሌሊት መስመር ተከፍቷል። አዲስ አውቶቡስ መጥቷል፤ ወንበሩ እንደ አልጋ የሚዘረጋ፣ የደመወዙ ነገርማ አይወራ። በሾፌርነቱ ሌሎች እንደ ውሻ ተናክሰውበታል፤ ፊሽካ ግን ኃላፊው ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛ መትቶ «ከጭልፊት ሌላ ዓይን ያለው ሾፌር ካላችሁ አሳዩኝ!» ብሎ አስፈርሟል። የመጀመሪያው ጉዞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

«ምን ትላለህ?» አለው፤ ደስታው የራሱ ሹመት አስመስሎበት ነበር።

ጭልፊት አፉን ሲከፍት የወጣው «እሺ» ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፊሽካ አቀፈው፣ ትከሻውን ደበደበው፣ ከዚያ «ያንተስ ነገር ምን ነበር?» ሲለው «ተወው፣ ስኳሩ የት እንዳለ ልጠይቅህ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ለራሱ ሲሟገት አደረ፦ የአዲሱ አውቶቡስ መብራት ጠንካራ ነው፤ አስፋልቱ አዲስ ነው፤ ነጩ መስመር በደንብ ይታያል፤ መንገዱን ደግሞ እንደ ከተማው መስመር በቃሉ ያጠናዋል። ሰው ራሱን ሊያታልል ሲነሳ ጠበቃ አያጣም።

እና አሁን ሐይቁ መጣ።

«እሺ፣ ግን ፈጠን እንበል» አለ ጭልፊት። «አይሆንም» ቢል ምክንያት ይጠየቃል፤ ምክንያት ደግሞ የለውም፣ ከአንዱ በቀር።

ሐይቁ ከተራራው ጀርባ ወዲያ፣ ከታሰበው በላይ ሩቅ ነበር። ፊሽካ ሲያየው እንደ ሕፃን ጮኸ። ጫማውን አውልቆ እግሩን ነከረ፤ ውኃው አጥንት የሚሰነጥቅ ቢሆንም ጉልበቴን አሻለኝ ብሎ ማለ። ጭልፊት ግን ሐይቁን አላየውም ቢባል ይቀላል፤ ያየው ውኃው ላይ ያረፈውን የተራራ ጥላ ነው፤ ጥላው ከዚያኛው ዳር ወደዚህኛው ሲረዝም። «በል ተነስ» አለ። ትንሽ ቆይቶም «ተነስ አልኩህ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ፊሽካ ቀና ብሎ አየው።

«ምን ሆነሃል? ከሴት ወይዘሮ ጋር ቀጠሮ አለህ?»

«ጉልበትህን ነው የማስበው።»

«ጉልበቴ የራሱ ባለቤት አለው» አለ ፊሽካ፣ ግን ተነሳ።

ሲመለሱ ጭልፊት ከፊት ሆነ። ነፋሻውን ጀርባ በሩጫ ቀረሽ እርምጃ አለፈው፤ ፊሽካ ከኋላው ያነክሳል፣ ያጉረመርማል። ጭልፊት በየመታጠፊያው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ በጠበቀው ቁጥር ብርሃን ያመልጠዋል። ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለች፤ ያለሷ ከቤት አይወጣም። እጁ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ማብሪያዋን ይዳብሳል፤ ላውጣት እንዳይል ፊሽካ ገና ሁሉን ያያል። በዚህ ብርሃን ባትሪ ያበራን ሰው «ምን ነካህ?» ሳይል የሚያልፍ ማን አለ?

ልሙጡ ድንጋይ አናት ላይ ሲደርሱ የመንገዱ ዳርና ዳር ለጭልፊት ጠፍቶ፣ መሐሉ ብቻ በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደሚያዩት ቀርቶለት ነበር። ድንጋዩ ሁለት አውቶቡስ ተደራርቦ ቢቆም ያህላል። ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ ለሚወርድ፣ በግራ በኩል እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፤ በስንጥቁ ውስጥ ደረጃ ደረጃ የመሰሉ ጠርዞች አሉ። በቀኝ በኩል ድንጋዩ በድንገት ያልቅና ቁልቁል ነው፤ ታች ወንዝ ይሰማል እንጂ አይታይም። መጨረሻው አልጋ የምታህል እርከን ናት፣ ከሷ ወዲያ ደኅናው መንገድ።

«እኔ ልቅደም» አለ ጭልፊት።

«ምነው፣ ሹመት አገኘህና ቅድሚያ ለኔ አልክ?»

ጭልፊት ዞሮ በሆዱ ተኛና ወረደ። ይህች ብርሃን ካመለጠችው ድንጋዩን አይወርደውም። በእግሩ ጠርዙን እየፈለገ፣ ያገኘውን ሁሉ በቃሉ እየያዘ ወረደ፦ መጀመሪያው ሰፊ ነው፣ ሁለተኛው ጠበብ ይላል፣ ከዚያ ድንጋዩ ሆዱን ይነፋና ቀጣዩ ጠርዝ ከሆዱ ሥር ነው፣ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ። እርከኗ ላይ አረፈ። ፊሽካ ቦርሳዎቹን በቀጭን ሲባጎ አወረደለትና ጉልበቱን በፋሻ ሊያጠብቅ ተቀመጠ። «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል። ይህን ሲያደርግ ደመና መጣና የቀረችውን ፀሐይ ሸፈናት።

ለፊሽካ ትንሽ ደመን አለበት። ለጭልፊት መጋረጃው ወረደ።

«እሺ፣ ልጀምር ነው» አለ ድምፁ ከላይ። ጫማ ድንጋይ ሲፍቅ ተሰማ። «ኧረ! ይኼ ድንጋይ ሆዱ ገፍቶ ታቹን ከለለኝ። የምረግጠው አይታየኝም። ምራኝ!»

ጭልፊት ቀና አለ። ድንጋዩም፣ ሰማዩም፣ ፊሽካም አንድ ጥቁር ሆነዋል።

«ምራኝ እንጂ! ስንት ዓመት መራሁህ፣ ዛሬ ተራው ያንተ ነው!» ፊሽካ ይስቃል። እውነቱን ነው፣ ለሱ ነገሩ ጨዋታ ነው።

አሁን መናገር ይቻል ነበር። ፊሽካ ገና ከላይ ሳለ፣ ሁለት እግሩ መሬት እንደያዘ፣ «ቆይ፣ አትውረድ፣ አላይህም» ማለት ይቻል ነበር። ጭልፊት ይህን አስቦታል፤ ከንፈሩም ተላቋል። ግን ሁለት ዓመት የሰለጠነ ምላስ ወደለመደው ይሄዳል። የሚያስታውሰው ጠርዝ አለ። ከተማውን በትዝታ ነድቶት የለ?

«ና» አለ።

ጫማው ፈቀቅ አለ፣ አረፈ። «ይዣለሁ።»

«ና።… ና። ትንሽ ግራ።»

«ይዣለሁ።» ፊሽካ ሳይጠይቅ፣ ሳይሞክር፣ ሙሉ ክብደቱን በጭልፊት ቃል ላይ እየጣለ ወረደ። የዴፖው ሕግ ነው። ጭልፊት ይህን ሲያስብ ጀርባውን ላብ አጠመቀው። ሰውዬው «ና» ሲሉት ይመጣል፤ ምንም ይሁን ይመጣል።

ባትሪዋን አውጥቶ አበራት። ሦስት እርምጃ የማይሞላ ግራጫ ድንጋይ ፊቱ ላይ ተገተረ፤ ከዚያ በላይ ምንም።

«ባትሪ ነው ያበራኸው?» አለ ፊሽካ ከላይ። «ምን ልታይ? ገና ብርሃን ነው እኮ!»

ጭልፊት አጠፋት።

«ቀጥሎ የት ነው? ሆዱ ጋ ደርሻለሁ።»

«ግራ» አለ ጭልፊት። «ግራ ቁረጥ።»

«ስንጥቁ የቱ ጋ ነው? ከግራዬ ነው ከቀኜ?»

ጭልፊት ጆሮውን አቆመ። ትንፋሽ ይሰማል፣ የጃኬት ፍትጊያ ይሰማል፣ የት እንደሆነ ግን ድንጋዩ ድምፁን እያዞረ ያምታታል። ያን ጊዜ ከላይ አንድ ድንጋይ ተነቀለ። እርከኗ ላይ አልወደቀም። በቀኙ በኩል አየር እየቀደደ አለፈና ብዙ ቆይቶ ታች ወንዙ ውስጥ ተሰማ። ፊሽካ ሳያውቀው ወደ ቀኝ ሸሽቷል።

«ኧረ ወንድሜ» አለ ፊሽካ፤ አሁን አይስቅም። «ግራ እግሬ የያዘው ነገር ትንሽ ናት። ቀኙ አየር ላይ ነው። እጄ ዛለ። ከሥሬ ጠርዙ አለ አይደል? ልልቀቅ?»

ጭልፊት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አየሩን ዳበሰ።

«ልልቀቅ ወይ? ና በለኝ በቃ!»

ምናልባት ጠርዙ አለ። «ና» ቢለው ምናልባት ያርፍበት ይሆናል፤ አርፎም ይስቃል፣ ማታ ሾርባ አሙቀው ይጠጣሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አዲሱን አውቶቡስ ያስነሳል፣ ልጁም ትምህርቷን ትጨርሳለች። ይህ ሁሉ በአንዲት «ና» ላይ ተንጠልጥሏል። ጓደኛውም እንደዚያው።

«አትልቀቅ!» ድምፁ ገደሉን አስተጋባው። «አትልቀቅ! አይታየኝም!»

«ምኑ?»

«ምንም! አንተም አትታየኝም። ሲመሽ ዓይኔ አያይም። ዳፍንት ነው። እስካሁን የመራሁህ እያየሁ አይደለም፣ ስወርድ የያዝኩትን በቃሌ ነው። እንዳትለቅ፣ በፈጠረህ!»

ከላይ መልስ ጠፋ። ወንዙ ብቻ ይጮኻል። ጭልፊት የስንት ዓመት ጓደኝነታቸውን እንዲህ በአንድ ቃል ያፈረሰው መሰለው። በመጨረሻ የፊሽካ ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ፣ የማያውቀው ድምፅ ነበር።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ያዝ። ብቻ ያዝ። እኔ እመጣለሁ።»

ባትሪዋን ጣላት። ዓይኑን ጨፈነ፤ ክፍት ሆኖ ምን ሊረባው? መዳፉን ድንጋዩ ላይ ለጠፈና ስንጥቁን ፈልጎ ያዘ። አንድ ጠርዝ። ሌላ ጠርዝ። ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘዋል፣ አንዱ ጥፍሩ ተሰብሮ ደም ያዳልጠዋል። ፈራ፤ ያን ያህል ፈርቶ አያውቅም፤ ግን የፈራው ለራሱ መውደቅ አልነበረም። ከላይ የሚወርደው አፈር ፊቱ ላይ ሲረግፍ ጓደኛው የቱ ጋ እንዳለ አወቀ። ሆዱን ድንጋዩ ላይ አጣብቆ፣ ግራ እጁን ስንጥቁ ውስጥ ቀርቅሮ፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይና ወደ ጎን ዘረጋ። አየር። አየር። ከዚያ የጫማ ሶል።

«ያዝኩህ» አለ።

አየር ላይ የነበረው ቀኝ እግሩ ነው። ጭልፊት ከዚያ ጫማ ሥር በመዳፉ ዳበሰ። ጠርዝ የለም። ድንጋዩ እዚያ ጋ ያልቃል፤ ከእግሩ በታች ያለው ነፋስ ነው። «ና» ብሎት ቢሆን ኖሮ ይመጣ የነበረው ወዴት እንደሆነ እጁ ነገረው።

«እግርህን ልቀቅልኝ፣ እኔ አስቀምጥልሃለሁ» አለ። ተረከዙን ጨብጦ፣ ክብደቱን በክንዱ ተሸክሞ፣ ወደ ግራ ስቦ ስንጥቁ ውስጥ አስገባው። «ይኸው። ጫን።»

ፊሽካ አልጫነም። በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው። እንደገና ሞከረ። ከዚያም እንደገና። ጭልፊት ከሥሩ ሆኖ ይህን በመዳፉ ሰማ። ጓደኛው ቃሉን ሳያምን ሲቀር የመጀመሪያው ነበር፤ ይህም ከሰበረው ጥፍር ይልቅ አመመው። ግን ምን ይላል? የእጁን ነው ያገኘው።

እንዲሁ ወረዱ። ጭልፊት አንድ ጠርዝ ይወርዳል፣ እግሩን ይዞ ያስቀምጣል፣ «ጫን» ይላል፣ ፊሽካ ይሞክራል፣ ይጭናል። እርከኗ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው ቁጭ አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ፊሽካ።

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

«የጠዋቱን ስጠኝ፣ የጠዋቱን ስጠኝ ስትል የነበረው…»

«ለዚሁ ነው።»

«የሚስትህ እናት መታመም?»

«ደኅና ናቸው። አንድም ቀን ታመው አያውቁም።»

«እኔ ሞኙ መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ‹እግዜር ይማርዎት› እላቸዋለሁ። ሴትዮዋ ምን ብለውኝ ይሆን?» ሳቅ የመሰለ ነገር ከደረቱ ወጣ፣ ግን ሳቅ ሳይሆን መሐል መንገድ ላይ ቀረ። «ትናንት ግን እሺ አልከኝ።»

«አዎ።»

«የሌሊት መስመር ነው ብዬ ነግሬህ፣ እሺ አልከኝ።»

«አዎ።»

ፊሽካ ፋሻውን ከጉልበቱ ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለ፤ ጭልፊት ጨርቁ ሲንሿሿ ይሰማዋል።

«እናቴ በመጀመሪያው ጉዞ ትሄዳለች» አለ ፊሽካ። «ልታስገርምህ ብላ ነው እንዳልነግርህ ያስማለችኝ። ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ያዝኩላት። እህቷን ካየች ስንት ዘመኗ፣ ሌሊት መንገድ እየፈራች። ‹ልጄ ከነዳውማ ምን ያስፈራኛል› አለች። ልጄ ያለችው እኔን አይደለም።»

ጭልፊት ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። የፊሽካ እናት ፌርማታ ላይ እያቆመችው ኪሱ ውስጥ ብርቱካን ትከትለታለች፤ ልጇና እሱ ሲጣሉ ሁልጊዜ ለሱ ነው የምትፈርደው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ፊሽካ፤ «ከዋሸኸኝ ግን ደግሜ አላናግርህም። ትናንት እሷ እንዳለችበት ብነግርህ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?»

«እንዴት እሺ እላለሁ» ማለት በቂ ነበር። ፊሽካም ሊሰማው የፈለገው ይህንኑ እንደሆነ ድምፁ ያሳብቃል። ጭልፊት ትናንት ሌሊት ለራሱ ያቆመውን ጠበቃ፣ ስለ መብራቱና ስለ ነጩ መስመር የተሟገተውን ሁሉ አስታወሰ። ጠበቃው ለአንዲት አሮጊት ሲል አፉን ይዘጋ ነበር? ራሱን አገላብጦ መረመረ።

«እሺ እል ነበር» አለ። «ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ ለሷማ እጠነቀቃለሁ ብዬ… እሺ እል ነበር።»

ፊሽካ ፊቱን አዞረ፣ ወይም አላዞረም፤ ጭልፊት ማየት አይችልም። ያለቅስ፣ ይቆጣ፣ ይጸየፈው አያውቅም። ለዓመታት ያንን ፊት ከሩቅ አይቶ የሆዱን ሲያውቅ የኖረ ሰው፣ አሁን በክንድ ርቀት ተቀምጦ አጠገቡ ያለው ሰው ምን እንደሆነ አላወቀም። ቢያንስ ስድቡን ጠበቀ። ስድብም አልመጣም።

ጥቂት ቆይቶ ዘለበት ሲፈታ ተሰማ። ፊሽካ የቦርሳውን ማሰሪያ ፈታና አንዱን ጫፍ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

«ያዝ። ድንኳኑ ድረስ እኔ እቀድማለሁ።» ተነስቶ ቆመ፤ ጉልበቱ ጠቅ አለ። «ሰኞ ኃላፊው ቢሮ አብረን እንገባለን። የምትናገረው ግን አንተ ነህ። ቁልፉንም በራስህ እጅ ታስረክባለህ።»

«እኔ ነኝ።»

«እናቴንም እኔ አልነግራትም። ሄደህ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጠህ፣ አሁን ያልከኝን እንዳለ ትነግራታለህ። እሺ እል ነበር ያልከውን ጭምር።»

ለኃላፊው መናገር ቀላሉ እንደነበር ጭልፊት ያን ጊዜ ገባው። መሪውን ማጣት፣ ደመወዙን ማጣት፣ በዴፖው ሰው አፍ መግባት፣ ይህ ሁሉ የሚቻል ነው። ሴትዮዋ ግን ሰምታ ስታበቃ፣ እንደ ልማዷ ተነስታ ብርቱካን ትልጥለት ይሆናል፤ እሱም መብላት አለበት።

«ቀን ላይ እሄዳለሁ» አለ። «ፊቷን እያየሁ ነው የምነግራት።»

ፊሽካ ወደ ፊት ተራመደ። ማሰሪያው ተወጠረና ጭልፊት ተከተለው።